ሁለት ኪሎ ነጭ ሲሚንቶ

ጋሽ ባንቲ በሬን አንኳኩ፣ በእጃቸው ጣሳ ይዘው፤
ከብት እንደሌለኝ እያወቁ፣ ከብቱንም ልጁንም ጠይቀው፣
ድምፃቸው እንደ ባለዕዳ ዝቅ ብሎ፣
"ይሄ ያንቺ ነው መሰለኝ" አሉ፣ ግማሽ ጣሳ ውሃ።
"ከጣሪያችን ነው የቀዳነው።"

ቱሉ ዲምቱ። እኔ አራተኛ ፎቅ፣ እሳቸው ልጃቸው ጋ ሦስተኛ፤
በእኔ ሻወር ቤትና በእሳቸው አልጋ መሐል
አንድ ሶሌታ ብቻ።

ቧንቧ ሠራተኛው መጣ፤ አየ፤ ከንፈሩን መጠጠ፤
"እትዬ፣ ሁሉም ይፈርሳል" ብሎ ስምንት ሺህ ላይ ረገጠ።
የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ስምንት ሺህን አውቀዋለሁ፤
ከወሬ ላይ ቢቀነስ የሚቀረውን አየዋለሁ።

አስፋልት ዳር፣ ሙዘይን ሱቅ፣ ከሚስማሩ ከቀለሙ መሐል፣
"ሁለት ኪሎ ነጭ ሲሚንቶ፣ አንድ ሲልከን ይበቃሻል"
አለና ጎንበስ ብሎ፣ ምሥጢር እንደሚነግረኝ፣
"አሮጌውን ካልፋቅሽ ግን አዲሱ አይዝም" አለኝ።

ፋቅሁ።
በአሮጌ ቢላ፣ ልጄ በጣለው የጥርስ ብሩሽ፣ በሚስማር ጫፍ፣
ፎጣ ለጉልበቴ አንጥፌ።
የጠቆረው ሲልከን እንደ እባብ ቆዳ ተገፈፈ፤
የአሥር ዓመት ሳሙና ሸተተ።
ከሥሩ፣ ከበሩ ጥግ፣ የመጀመሪያው ሠሪ የረሳው ነገር፦
አውራ ጣቱ።
ሲሚንቶው ሳይደርቅ ተጭኖት ያለፈ፣ መስመሮቹ ሳይቀሩ።
ማን ነበር? ምሳውን በፌስታል ቋጥሮ የመጣ፣
ለማይኖርበት ቤት ቀዳዳ ሲደፍን የዋለ፣
ጀንበር ስትጠልቅበት ግማሹን ሞልቶ ግማሹን የዘለለ።
ልወቅሰው አሰብሁ።
ጣቴን በጣቱ ላይ አሳረፍሁ፤ የእኔ አነሰ።
ከዚያ ቢላዬን አንስቼ እሱንም ፋቅሁ።

ሲሚንቶው መጀመሪያ አጥሚት ሆነ፣ ውሃ በዝቶበት ቀጠነ፤
ዱቄት ስጨምር በሶ ሆኖ በጣቶቼ መሐል ተበተነ።
ሦስተኛው ልክ መጣ፤ የሕፃን ገንፎ ይመስላል፤
አጎረስሁት መጋጠሚያውን፤ ጎረሰ፤ ደግሞ አፉን ይከፍታል።

ጋሽ ባንቲ በር ላይ ቆሙ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው።
"ይሄ መሬት ዋልካ ነው" አሉ፣ "ሽንብራም ጤፍም ዘርቼበታለሁ።
በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤
ሐምሌ ሲገባ ራሱ ይገጥማል።
ማንም ሲሚንቶ አላቦካለትም።"
ሳቅሁ።
ሴራሚክ ሐምሌን አያውቅም፤ ካልደፈኑት አይደፈንም።

ሲልከኑን ከጥግ እስከ ጥግ ሳብሁት፤ ጠመመ፤
በሳሙና ጣት ዳበስሁት፤ ትንሽ ታረመ።
"ሁለት ቀን ውሃ እንዳይነካው" ብሎኛል ሙዘይን።
የእኛ ፈረቃ ደግሞ ነገ ነው፣ ረቡዕ ሌሊት፤
የሻወሬ መዝጊያ ላልቷል፤ ውሃ በመጣ ቁጥር ሳልከፍተው ያለቅሳል።

ረቡዕ ሌሊት ጄሪካን ሁሉ ደረጃው ላይ ተደርድሮ፣
ብሎኩ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ቧንቧ ሲያዳምጥ፣
እኔ በጨለማ፦ "አታምጣው፣ ዛሬን ብቻ፣ አታምጣው።"
አልመጣም።
ጠዋት ትርሐስ ባዶ ጄሪካኗን እየደበደበች
ውሃና ፍሳሽን፣ መንግሥትን፣ ዕድሏን ስትረግም፣
እንደ ሌባ አንገቴን ደፍቼ አለፍሁ።

ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቧንቧው ሳለ፤
አየር ተፋ፤ ዝገት ተፋ፤ ከዚያ መጣ።
ባልዲ ሙሉ ወለሉ ላይ ደፋሁና
በሌሊት ልብሴ ደረጃውን ወረድሁ።
ጋሽ ባንቲ ነቅተዋል። አልጋቸው ተገፍቷል፤ ጣሳው መሬት።
ቡናማውን እድፍ፣ ሁለታችንም አንጋጠን፣
አየነው፤ አየነው።
ጠብ የሚል የለም።

"ድሮ" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣
"እዚሁ፣ ሦስት ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ ሰኔ ሲዘገይብኝ
እንዲህ ሽቅብ እያየሁ እቆም ነበር፤
አንዲት ጠብታ ብቻ፣ እያልሁ።"

ጣሳውን ግን ከቦታው አላነሱትም።